ከጸሎት ክፍል ጀርባ የነበረው ሣጥን

ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ይህን ስል የሚያውቁኝ ሰዎች እንደሚስቁ አውቃለሁ። ትምህርቴን ከመጨረሻው ክፍል በፊት ጥዬ የወጣሁ፣ አንድ ጊዜም ለመምህሬ «አያቴ የአዞ ጥርስ ሐኪም ነበሩ፣ በሥራ ላይ እንዳሉ ዐረፉ» ብዬ የሦስት ቀን ፈቃድ የወሰድኩ ሰው ነኝ። የዛሬው ግን ከነነጠላ ሰረዙ እውነት ነው። አንዲት የፓወር ፖይንት ቀስት አንዲትን እናት ከሄግ ነቅላ አምስተርዳም ስትተክላት በዓይኔ አይቻለሁ። ቀስቷን የሳልኳት ደግሞ እኔው ነኝ።

ዘመኑ በፈረንጅ 2012 ነው፤ ዕድሜዬ ዘጠኝ። የምንኖረው ሄግ፣ ላክ የሚባለው ሰፈር ነበር፤ ከሆላንድስ ስፖር የባቡር ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ፣ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ብሎ የቆመ ሦስተኛ ፎቅ። የበራችን ደውል ላይ «ደ ፍሪስ» የሚል ስም ተለጥፏል። እኔ ሆላንድ ለገባ ሰው ሁሉ በር ላይ የሚለጠፍ አንድ የሆላንድ ስም የሚታደል ይመስለኝ ነበር፤ ለእኛ ዕጣው ደ ፍሪስ ወጣ። አንድ ቀን ደብተሬ ላይ «ረሆቦት ደ ፍሪስ» ብዬ ጽፌ ብመጣ እናቴ ሽፋኑን ገነጠለችው። «ሁለተኛ እንዲህ ብትጽፊ...» አለችና ሳትጨርሰው የሰው ሸሚዝ መተኮሷን ቀጠለች።

እናቴ ፋናዬ በዚያች ከተማ ውስጥ የቀረች የመጨረሻዋ ቅድስት ነበረች። ቀይ መብራት ላይ፣ ከግራም ከቀኝም መኪና ቀርቶ ድመት በማያልፍበት መንገድ፣ ዝናብ እየደበደባት ትቆማለች። የብስክሌቷ መብራት በጠራራ ፀሐይ ይበራል። ትራም ስንገባ ካርዷ ድምፅ መስጠቱን እኔን ሁለቴ ትጠይቀኛለች። የክፍሌ ልጆች እናቶች በቀይ እያቋረጡ ስልክ ሲያወሩ ሳይ ገሃነም ሲገቡ ይታየኝና አዝንላቸው ነበር። ትንሽ ብቻ ነው ያዘንኩት።

ቤተ ክርስቲያናችን ከቤታችን ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስል ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። እሁድ ከሰዓት የምንከራየው የአንድ ትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ ነው፤ ከጣሪያው የመወጣጫ ገመዶች ተንጠልጥለዋል፣ ግድግዳው ላይ ሕፃናት ከወረቀት የሠሯቸው ጉጉቶች ተለጥፈዋል። አርባ ሰው ጉጉቶቹን እያየ ያለቅሳል፣ ይዘምራል፣ ከዚያ ወንበር እያጠፈ ይጨቃጨቃል። ላፕቶፑና ፕሮጀክተሩ ለአዳራሹ ቅርብ ስለሆንን እኛ ቤት ይቀመጡ ነበር። ዕቃዎቹ ባሉበት ደግሞ ተካልኝ አይጠፋም።

ተካልኝ ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። አገር ቤት አንድ ቢሮ ውስጥ የዕቅድ ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ ሄግ ማስተርሱን ሊማር መጥቷል። ከፀጉሩ ክፍፍል እስከ ጫማው ማሰሪያ በማስመሪያ የተሠራ የሚመስል ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ የእሁዱን ስላይድ እኛ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። እናቴ ዳቦ ታቀርብለታለች፤ እሱ ቅቤ ይቀባና ሃገልስላግ የሚባለውን የሕፃናት የቸኮሌት ፍርፋሪ ይነሰንስበታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው ወንድ። የወዳደቀውን ፍርፋሪ ደግሞ በጣቱ ጫፍ ሰብስቦ በመስመር ይደረድረዋል።

«አንተ ለምን እንደዚህ ትበላለህ?» አልኩት መጀመሪያ ቀን።

«ጋሼ በይው» አለች እናቴ ከካውያው ጀርባ።

«ጋሼ፣ አንተ ለምን እንደዚህ ትበላለህ?»

ለዚህ ሰው የነበረኝን ንቀት ለመስፈር ቁና አይበቃም። አንድ ሙሉ ከሰዓት አንዱን ሣጥን ከሌላው ሣጥን እኩል ለማድረግ ሲታገል አይቼዋለሁ። ኮንትሮል የምትባለውን ቁልፍ ይዞ የቀስት ቁልፏን ይነካል፤ ሣጥኗ የፀጉር ያህል ትሄዳለች። ፊቱን ያርቃል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ የፀጉር ያህል መልሶ ይመልሳታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እናቴ አሥራ አንድ ሸሚዝ ተኩሳለች።

አንድ ቅዳሜ መስኮቱ ተከፍቶ ሳለ የባሕር ወፍ ገባች። የሄግ ባሕር ወፍ ምን እንደሆነች የማያውቅ አለ? የዶሮ ጭን የሚያህል ምንቃር ያላት፣ የቆሻሻ ከረጢት እንደ ቀዶ ሐኪም የምትከፍት ሽፍታ ናት። ጠረጴዛው ላይ ዐረፈች፣ ዳቦውን ከነሃገልስላጉ አነሣች፣ ልትነሣ ስትል አንድ እግሯ ማውዙ ላይ፣ ሌላው ቁልፎቹ ላይ አረፈ። ስትሄድ ስላይዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር ተስሏል። ቀጥ ያለ። ተካልኝ ማስመሪያ አምጥቶ ስክሪኑ ላይ ለካው። አንድም ጎን አላዘነበለም።

«ሺፍቱን፣ መስመር የሚያቃናውን ቁልፍ፣ ረግጣ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ማስተማር ጀመረ። ምክንያቱም ነበረው፦ ላፕቶፑ ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ትእዛዞቹ ሁሉ በሆላንድኛ የተጻፉ ናቸው፤ እሱ ሆላንድኛው ከ«ደህና ዋሉ» አያልፍም፤ እኔ ደግሞ እንደ ውኃ አነበዋለሁ። «ይሄ ምን ይላል?» ይለኛል፣ እነግረዋለሁ። በምትኩ መስመር አሠመረኝ።

«ሺፍቱን ያዢ። ካልያዝሽው ዓይንሽ ቀጥ ያለ ይመስለዋል እንጂ እጅሽ ይዋሻል።»

«ማን ያየዋል?»

«የሚያውቅ ሰው ያየዋል።»

ሌላም አስተማረኝ። መስመር ሁለት ዓይነት ነው አለኝ፤ ሣጥኑን ተጠግቶ የቆመና ከሣጥኑ ጋር የተያያዘ። ሲታዩ ልዩነት የላቸውም። የተያያዘው ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ ያወጣል፤ ግን ያንን የሚያይ የሚሠራው ሰው ብቻ ነው። ሌላው ሰው የሚያውቀው ሣጥኑ ከቦታው ሲነሣ ነው። የተጠጋው ሜዳ ላይ ይቀራል፤ የተያያዘው ተከትሎ ይሄዳል።

«ታዲያ አታንቀሳቅሰዋ» አልኩት። ለእኔ ነገሩ ያን ያህል ቀላል ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ። በዚያ ዓመት የሄግ፣ የሮተርዳምና የአምስተርዳም ጉባኤዎች አንድ እንሁን ተባባሉ። ሦስት የተከራዩት አዳራሽ፣ አንድ ጌታ፣ ታዲያ ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። መዋቅር ነዋ። አገሩን ጥሎ ሲሰደድ ሐበሻ መዋቅሩን አይጥልም፤ በሻንጣው ይዞት ይመጣል። ማን ከማን በላይ፣ ማን ለማን ተጠሪ፣ የቱ መስመር ድፍን፣ የቱ ነጠብጣብ። ሰማይን እንወርሳለን የሚሉ ሰዎች በአንዲት ስላይድ ላይ ሁለት ወር ተጨቃጨቁ።

የዋናው ጭቅጭቅ ባለቤት የሮተርዳሙ ወንድም አስራት ነበር። ድምፁ እንደ ወደብ መርከብ ነው። ቅዳሜ በደወለ ቁጥር ተካልኝ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ በስፒከር ያናግረዋል፤ እጁ ማውዙን መልቀቅ አይፈልግማ።

«ወንድም ተካልኝ፣ የሮተርዳም ሣጥን ከሄግ ዝቅ ብላለች።»

«እኩል ናቸው፣ ወንድም አስራት። በሚሊሜትር ለክቻለሁ።»

«ለዓይን ዝቅ ትላለች እኮ ነው የምልህ። እኔ ለሥልጣን አይደለም፤ ለዓይን ነው።»

«እሺ፣ ትንሽ ከፍ ላድርጋት።»

«ትንሽ አይደለም።»

የአምስተርዳሟ እትዬ ማናለብሽም ትደውላለች። እሷ ኖርድ የሚባለው የአምስተርዳም ሰፈር የምትኖር፣ ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ፣ ስትመጣ ስትሮፕዋፈል የሚሉትን ጣፋጭ ብስኩት የማትረሳ ሴት ናት። «የእኛን ሣጥን ከፈለጋችሁ ወንዙ ውስጥ ጣሉት» ትላለች። «ብቻ ፊደሉን አተልቁት። እናንተ ሰዎች ሽማግሌዎቹን በጉንዳን ጽሕፈት ልትፈጇቸው ነው።» ለዚህ ነው የወደድኳት።

ስላይዱ ላይ ከታች በኩል አንድ ሣጥን ነበር፤ «ፋናዬ፣ የአገልግሎት አስተባባሪ» የሚል። ከእሱ መዝሙር፣ ሴቶች፣ ልጆችና የታመሙትን መጎብኘት የሚሉ አራት ሣጥኖች ይወጣሉ። እኔ ያቺን ሣጥን እንደ ቤታችን ፎቶ ነበር የማያት። ለአንድ ልጅ እናቱን በስፖርት አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ ከጉጉቶቹ በላይ፣ ሁለት ሜትር ሆና ማየት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ገምቱ።

ከመጨረሻው እሁድ በፊት ባለው ቅዳሜ ወንድም አስራት ደወለ። «ሰኞ ውል አጽዳቂው ኖታሪስ ጋ እንቀርባለን» አለ። «በሕግ ልንመዘገብ ነው፤ ጨዋታ የለም። እያንዳንዱ ሣጥን ላይ ስም ከነአያት፣ አድራሻ ከነቤት ቁጥር ይግባ። እሁድ ስሙ ስክሪኑ ላይ ያለ ሰው ሁሉ መታወቂያውን ይዞ ወደ ፊት ይወጣል፤ እኔ ራሴ እመዘግባለሁ።»

እናቴ ካውያውን አቆመችው። ተነሥታ ኩሽና ገባች። ተካልኝም ተከትሏት ገባና በሩን ገፋ አደረገው። የቧንቧው ውኃ ይወርዳል። በበሩ ስንጥቅ የእሷ ጀርባ ብቻ ይታየኛል፤ የእሷ ድምፅ በውኃው ተውጧል፣ የእሱ ግን ቁርጥራጩ ይደርሰኛል።

«...ስምሽ አይኖርም። ከነገ በፊት... ማንም አያይሽም፣ እህት ፋናዬ... አትጨነቂ፣ እኔ ሠርቼዋለሁ...»

እናቴ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች።

ተመልሶ ሲቀመጥ ፊቱ እንደ ወትሮው ማስመሪያ ነው። «ረሆቦት፣ ከጀርባ አድርግ የሚለው የትኛው ነው?» አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። ተጫነው። የእናቴ ሣጥን «የጸሎት ክፍል» ከሚለው ትልቅ ሰማያዊ ሣጥን ሥር ገብታ ጠፋች። አራቱ መስመሮችም ከጸሎት ክፍሉ የወጡ መሰሉ።

በራሴ ጣት። እናቴን እንዴት እንደሚቀብራት በራሴ ጣት አሳየሁት።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቁምና ዛሬ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ አላውቀውም ነበርና። እናቴ የመኖሪያ ፈቃድ አልነበራትም። እኔም አልነበረኝም። ጥያቄዋ ሁለት ጊዜ ውድቅ ተደርጎባታል። ደ ፍሪስ የታደልነው ስም አይደለም፤ ቤቱን በስሙ ይዞ፣ ሳይፈቀድለት ለእኛ ያከራየ፣ ሌላ ቦታ የሚኖር ሰው ነው። ቀይ መብራት ላይ የምትቆመውም ለቅድስና አልነበረም። በቀይ ያለፈ ሰው ፖሊስ ያስቆመዋል፤ ፖሊስ ያስቆመው ሰው ወረቀት ይጠየቃል። ኩሽና ውስጥ በውኃው ድምፅ የተዋጠው ቃሏ «አውጣኝ» ነበር። «ከዚያ ስላይድ ላይ አውጣኝ፣ እባክህ።»

ተካልኝ ሣጥኗን ለምን በአንድ ቁልፍ እንዳላጠፋት ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ሊያጠፋት ይችል ነበር። ግን ከጀርባ አደረጋት።

እኔ ያን ሌሊት ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያ ፍርፋሪ ሰብሳቢ እናቴን አስለቅሶ ከሕዝብ ፊት ሰረዛት። እና እንደ ማንኛውም ጤነኛ ልጅ ልበቀለው ወሰንኩ።

እሁድ ቀትር ላይ ተካልኝ ፕሮጀክተሩን ተሸክሞ ደረጃውን ወረደ። እናቴ መታጠቢያ ቤት ናት። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ቀርቷል። ሥር ያለ ነገር በማውዝ አይያዝም፤ ግን ታብ የምትባለውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ከተጫናችሁ ከሣጥን ወደ ሣጥን ትዘላለች፣ የተደበቀውንም ትነካዋለች። ይህንንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ስድስት ጊዜ ተጫንኩ። ከሰማያዊው ሥር የአንዲት ሣጥን ጠርዝ ብልጭ አለ።

ወደ ፊት አምጣ አልኳት። መጣች። ይዤ ወደ ላይ ጎተትኳት።

እና አራቱ መስመሮች ተከትለዋት መጡ። አንድም አልቀረም። መዝሙሩ፣ ሴቶቹ፣ ልጆቹ፣ የታመሙት፣ ሁሉም እየተዘረጉ፣ እየተጣጠፉ፣ ከኋላዋ ተንጠልጥለው። ሥር ለሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በቀይ ነጥብ አያይዟቸዋል። እኔ ግን «የሰረቀውን እንኳ በደንብ አልሰረቀም» ብዬ ነው የናቅኩት።

እናቴን ስላይዱ መሃል፣ ከወንድም አስራት በላይ አስቀመጥኳት። ሣጥኗን እጥፍ አተለቅኩት። ሌሎቹ ሣጥኖች ላይ አድራሻ ስላለ፣ የእኛ እንዳያንስ፣ መንገዱንና የቤት ቁጥሩን ጻፍኩ፤ እንግዳ እንዳይጠፋበትም ከሥሩ «ደውሉ ደ ፍሪስ የሚለው» ብዬ ጨመርኩ። በመጨረሻ ለስትሮፕዋፈሏ ውለታ ስል ከእናቴ ሣጥን እስከ አምስተርዳም ሣጥን አንድ ወፍራም ቀይ ቀስት ሳልኩ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት ስለደነገጥኩ ሺፍቱን አልያዝኩም።

አዳራሹ ሞልቷል። ሮተርዳሞች በሱፍ ልብስ፣ አምስተርዳሞች በዝናብ ካፖርት። ተካልኝ ስላይዱን ሲያበራ ጀርባው ለስክሪኑ ነበር፤ ገመድ እያስተካከለ። ስለዚህ መጀመሪያ የሰማው ጭብጨባውን ነው።

ሰው አጨበጨበ። እውነቴን ነው። እናቴን የማይወድ አልነበረማ፤ የታመመ ሁሉ የእሷን ሾርባ ጠጥቷል። እትዬ ማናለብሽ «አሁን ፊደሉ ታየ» አለች። እኔ የመወጣጫው ገመድ ሥር ተቀምጬ ልቤ ሊፈነዳ ነው።

እናቴ አላጨበጨበችም። ስክሪኑን ታያለች። አድራሻውን ስታነብ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ወንድም አስራት ጉሮሮውን ጠረገ። ከእሱ በላይ የተቀመጠች ሣጥን ለዓይን አልተስማማውም፤ ሆኖም ጭብጨባ ስለተጨበጨበ ፈገግ አለ። «እንግዲህ ከላይ እንጀምር። እህት ፋናዬ፣ መታወቂያሽን ይዘሽ ወደ ፊት ነይ።»

ተካልኝ ዞረ። ስላይዱን አየ። በአዳራሹ ሙሉ ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው ቀይዋ ቀስት ላይ ነው። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ፕሮጀክተሩን በመዳፉ ሸፈነው።

«ስህተት ነው» አለ። «የድሮ ስላይድ ነው የከፈትኩት። የእኔ ስህተት ነው፤ እህት ፋናዬ አታውቅም።»

«ምን ስህተት አለው?» አለ ወንድም አስራት። «ሕዝቡ ደስ ብሎታል። መታወቂያ ረስታ ከሆነ ቤቷ እዚሁ ነው፤ አድራሻውን አይተነዋል። ልጅቷ ሮጣ ታምጣው።»

«ወንድም አስራት፣ እንለፋት» አለ ተካልኝ።

«አይታለፍም። ሥርዓት ነው። እህት ፋናዬ?»

እናቴ ተነሣች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛለች።

«የለኝም» አለች።

«ቤት ነው?»

«ቤትም የለም። ወረቀት የለኝም።»

እንግዲህ የንቀቴን ድርሻ በትክክል ላካፍል። አርባና ሠላሳ፣ ሰባ ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ። በዚያች ቀን ሰባ ጥንድ ጫማ እንደ ቅዱስ ዕቃ ታየ። ከመሃላቸው ቢያንስ አሥሩ ከጥቂት ዓመት በፊት ልክ እንደ እናቴ ነበሩ፤ ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። አንዷ ሾርባ ጠጪ ቦርሳዋን ከእናቴ ወንበር አጠገብ አንሥታ ወደ ጭኗ ወሰደች። ወንድም አስራት «እንዲህ ከሆነ ቀደም ብሎ መነገር ነበረበት፤ ማኅበሩን ለአደጋ ነው የምትጥሉት» አለ። ወደ ተካልኝም ዞሮ፣ «አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታውቃለህ፣ ደግሞ ስሟን ከነቤቷ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለህ?»

ተካልኝ ወደ እኔ አልዞረም። እጁ አሁንም ፕሮጀክተሩ ላይ ነው፤ የጣቶቹ ጥላ የጉጉቶቹ ግድግዳ ላይ ወድቋል። እናቴ አየችው። እኔ እናቴ ሰውን እንደዚያ ስታይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ከዚያ እጄን ይዛኝ ወጣች። መንገዱ ላይ ቀይ ቢበራም አልቆመችም።

እኔ የገባኝ ይህ ነው፦ እናቴ ተሾመች፣ ወንድም አስራት ቀና፣ ተካልኝም ሲያፍር ተያዘ። ጥሩ ቀን ነበር።

ማን ለማን እንደነገረ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ማክሰኞ እውነተኛው ደ ፍሪስ መጣ። ረጅም፣ አፍንጫው የቀላ ሰው ነው፤ እናቴን ሁለቴ «ይቅርታ» አላትና ቁልፉን ጠየቃት። ስሙ የሰው ግድግዳ ላይ ከታየ ቤቱን ይነጠቃል። ሐሙስ ሁለት ሻንጣና ካውያውን ይዘን ባቡር ላይ ነበርን። የወሰደችን እትዬ ማናለብሽ ናት። አዳራሹ ውስጥ ጫማዋን ያላየች እሷ ብቻ ነበረች፤ በር ላይ ጠብቃ «እኔ ጋ ክፍል አለ፤ ጠባብ ነው፣ ግን ደውሉ ላይ ያለው ስም የእኔው ነው» አለቻት።

አምስተርዳም ጣቢያ ጀርባ ወደ ኖርድ የሚያሻግረው ጀልባ አለ፣ ፖንት ይሉታል፤ በነፃ ነው። እናቴ ነፃ መሆኑን አላመነችም። ካርድ የሚነካበት ማሽን ፍለጋ ጀልባውን ሁለት ጊዜ ዞረች። እኔ ብረቱን ተደግፌ ውኃውን አያለሁ። ከሄግ ወደ አምስተርዳም እየሄድን ነው። ከእናቴ ሣጥን ወደ አምስተርዳም ሣጥን። እኔ እንደሳልኩት። በስላይድ ላይ የተሠመረ ሁሉ የሚሆን ከሆነ፣ እያልኩ አሰብኩ፣ በሚቀጥለው አትክልት ቦታ ያለው ቤት እስላለሁ፤ ውሻም።

አላስቻለኝም። «እማ፣ ቀስቷን የሳልኳት እኔ ነኝ» አልኳት። «ሣጥንሽንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ደብቆሽ ነበር።»

እናቴ ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ብስክሌት የያዙ ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ ሳቀች፤ ራሴን ደረቷ ላይ ጫን አድርጋ «አንቺ ጉድ» አለችኝ፤ «ደግ አደረግሽ። ተደብቆ መኖርም ይሰለቻል።»

ወረቀታችን ከአራት ዓመት በኋላ መጣ። አንድነቱ ግን አልመጣም፤ ሦስቱ ጉባኤዎች ያቺን ስላይድ ሲያስተካክሉ አምስት ሆነው ተለያዩ። ተካልኝ ከዚያ እሁድ ወዲህ አዳራሹን አልረገጠም። ኖርድ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር። እናቴ በሩን አልከፈተችለትም። ሁለተኛው ቀን ደጃፉ ላይ አንድ ካርቶን ሃገልስላግ ትቶ ሄደ፤ እኔ በላሁት።

አሁን ሮተርዳም የዕቃ ማድረሻ መኪና እነዳለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ካርቶን ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ በሩን የከፈተው እሱ ነው። ፀጉሩ ሳስቷል፤ ክፍፍሉ ግን ያው ማስመሪያ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለአለቆች ስላይድ እሠራለሁ አለኝ። ሌላ ሰው ሲናገርበት እሱ ሣጥኖቹን ያስተካክላል። ልንቀው ሞከርኩ፤ ልምዱ ነበረኝ።

ፊርማውን ስክሪኑ ላይ በጣቱ ፈረመ። ከዚያ «ሺፍት መያዝ ተማርሽ?» አለኝ።

«ምን?»

«ቀስቷ። ወደ ቀኝ ሁለት ዲግሪ አዘንብላ ነበር። እኔ እንደዚያ አልሠራም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። እኔ ደግሞ የማይጠቅም ሰው ነበርኩ፤ አንድ ነገር ልጥቀም ብዬ ነው። እናትሽ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ሰላም ትልሃለች።»

ፊቱ በራ። በሩን እስኪዘጋ ድረስ ፈገግታው አልጠፋም።

እንግዲህ አልኳችሁ፤ ከነነጠላ ሰረዙ እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬበታለሁ። የባሕር ወፏን እንደምትጠረጥሩ አውቃለሁ፤ ወፏ እውነት ናት፣ መስመሯም ቀጥ ያለ ነበር። የፈጠርኩት ጀልባው ላይ ያለውን ነው። ማሽን ፍለጋ ጀልባውን ሁለቴ መዞሯ እውነት ነው። ሳቋ ግን የለም፣ «ደግ አደረግሽ» የለም። ምንም አልነገርኳትም። እኔ ውኃውን፣ እሷ ሻንጣዎቹን እያየን ተሻገርን።

እስከ ዛሬም አልነገርኳትም። ያለፈው እሁድ ሻይ እየጠጣን ከመሬት ተነሥታ «ያ ተካልኝ ግን ምን በድዬው ነው እንደዚያ ያደረገኝ?» አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እየጠየቀች ነው።

«እኔ ምን አውቄ፣ እማ» አልኳትና ስኳር ጨመርኩላት።